ሽማግሌ የተቀመጠለት ጀርመን

ሰው ገድዬ አላውቅም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ባለፈው ዓመት ቡታጅራ ውስጥ «ያቺ ልጁን የገደለችው» እየተባልኩ በጣት ስለተጠቆምኩ ነው። እኔ ዶሮ ሲታረድ ጆሮዬን ይዤ ጓዳ የምገባ ሴት ነኝ። የገደልኩት አንድ ጀርመን ብቻ ነው፤ እሱንም በእርሳስ። እርሳስ ደግሞ በላጲስ ይለቃል። የማይለቀው የሰው አፍ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በበርበሬ ነው። መቼም ቡታጅራ ውስጥ በበርበሬ ያልተጀመረ ነገር ማግኘት ይከብዳል። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲገኝ ደግሞ የጸጉር ቤትና የሥጋ ቤት ማስታወቂያ እሥላለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እጄ ግን መቆሙን አልሰማም። ከተማው ውስጥ ሥጋ ቤት በር ላይ የሚስቅ በሬ ካያችሁ የኔ ነው። «የሚታረድ በሬ ምን ያስቀዋል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባሌ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከደንበኛዬ ከሐጂ ኑረዲን የገዛሁትን በርበሬ ቤት ወስጄ ጥቅሉን ስፈታ፣ ከወረቀቱ ላይ ሁለት ወጣቶች ሳቁብኝ። በርበሬውን እፍ ብዬ አራገፍኩና እያስነጠስኩ አየኋቸው። አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ግንባራቸው ላይ ትልልቅ መነጽር። አንደኛው ቡችላ አቅፏል። ከኋላቸው የቆመው አውሮፕላን ክንፉ ሁለት ድርብ ሆኖ እንደ ልብስ ማስጫ በሽቦ ተወጣጥሯል። ያንን ነገር ሰማይ ላይ ይዞ የሚወጣ ሰው ወይ በጣም ጀግና ነው፣ ወይ እናቱ አታውቅም።

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ።

«ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?» አሉኝ።

«በርበሬውን ይተዉት ሐጂ፤ ወረቀቱን ነው የምፈልገው።»

«ወረቀት ያለ በርበሬ አልሸጥም፤ ወረቀት ነጋዴ ነኝ እንዴ?»

መጽሐፉን ቅጠል በቅጠል ለመሰብሰብ ስድስት ኪሎ በርበሬ ገዛሁ። የዚያን ዓመት እኛ ቤት አልጫውም ቀይ ነበር።

መጽሐፉ የጀርመን ነው። ስልኬ እየተረጎመ፣ እየተሳሳተ፣ አንዳንዴም እየዋሸኝ እንደገባኝ፣ ልጆቹ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተዋጉ አብራሪዎች ናቸው። አውሮፕላናቸው እንጨትና ጨርቅ ነው። ወንበሩ እንደኛ ጋሪ ክፍት ነው፤ ጣሪያ የለው፣ መስኮት የለው። ሱቅ የሚመጣ ሁሉ «የሂትለር ናቸው?» ይለኛል። «ከሱ በፊት የነበሩ ናቸው» እላለሁ። «ከሱ በፊትም ጀርመን ነበረ?» ይሉኛል። አንዴ ሰው ስሙን በክፉ ካስጠራ፣ አገሩ እንኳን ከሱ በፊት እንዳልነበረች ትቆጠራለች።

እኔ እንግዲህ ነገር ሲያምረኝ አያድርስ ነው። የነዚህን ልጆች ታሪክ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የሚነበብ ልብ ወለድ ላደርገው ቆረጥኩ። ቡችላ ያቀፈውን ሃንስ፣ ሌላውን ካርል አልኳቸው። ችግሩ፣ የፎቶዎቹ ፊት በበርበሬና በዘመን ብዛት ደብዝዟል፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊቴ ካልተቀመጠልኝ ፊት አይወጣልኝም። ከጭንቅላቴ የሣልኩት ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በሬውን ይመስላል።

ለካርል የጎረቤቴን የጸጉር አስተካካዩን ፊት ወሰድኩ። ለሃንስ ሙሉቀንን። ሙሉቀን ባጃጅ የሚነዳ፣ ጆሮዎቹ እንደ ባጃጁ መስታወት ግራና ቀኝ የወጡ፣ ሲስቅ ሰፈር የሚያስቅ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ቅልጥፍናው ለአብራሪነት የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ከበያጅ የተዋስኩትን መነጽር አደረግኩለት፣ የባሌን የሱፍ ቆብ እስከ ጆሮው ሳብኩለት፣ የራሴን ነጭ ሻሽ አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት። ሻሹ እንዲውለበለብ ደግሞ ባጃጁ መሄድ ነበረበት። እኔ ከኋላ ወንበር በጎን በኩል አንገቴን አስግጌ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ «ጨምር! ጨምር! እንግሊዝ ከኋላህ ነው!» እያልኩ አስፋልቱን ስናቋርጥ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«መንጃ ፈቃድ።»

«ፓይለት ነው» አልኩ ለማስረዳት ቸኩዬ።

ትራፊኩ መነጽሩን አየ፣ ቆቡን አየ፣ ሻሼን አየ። «የየት ፓይለት?»

«የጀርመን።»

«እሺ፤ የጀርመኑን መንጃ ፈቃድ አምጣ።»

ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ ትራፊኩ ደብተሬን ወስዶ ገለጠው። ረጅም ጊዜ አየና «አፍንጫው በዝቷል» ብሎ መለሰልኝ። ቅጣት አልጻፈብንም። እኔ ግን እስከ ማታ ስለ አፍንጫው ሳስብ ዋልኩ። እውነቱን ነበር።

የአውሮፕላኑ ነገር ሲሆን አቶ ዘበርጋን ያዝኩ። አቶ ዘበርጋ ዕድሜያቸውን ደብረ ዘይት አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው አገራቸው የገቡ ሰው ናቸው። የሃንስን ፊት አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። «ይሄ ሽቦ የት ነው የታሰረው? ይሄ ብሎን የት ሄደ? አንቺ፣ በዚህ ጎማ እንኳን ጀርመን እዚህ መስቃንም አይደረስም!» ነው ሥራቸው። እርሳቸው ያስተካከሉልኝ ሞተር፣ እውነት ለመናገር፣ ከሰዎቹ ይልቅ ነፍስ ያለው ይመስላል።

አገሩን ደግሞ ማን ያሳየኝ? ጀርመን አገር የተማሩ መምህር ወልቂጤ አሉ ተባልኩ። በአረቅጥ በኩል በሚኒባስ ዳገቱን ስንወጣ ጉም ዋጠን። ደመና ውስጥ የሚበር ሰው የሚያየውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ምንም ነው የሚያየው! ምንምን እንዴት አድርጌ እንደምሥል ሳወጣ ሳወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ከፈራሽ ጸልይ እንጂ በእርሳስ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

መምህሩ የተማሩት ስለ አፈር ነው። ቢሆንም ሥዕሎቼን አንድ በአንድ አዩልኝ። የሃንስ እናት ቤት ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ከጓሮ የሚታየው ይሄ ሰፊ ቅጠል ምንድነው?»

«እንሰት ነዋ።»

«ጀርመን?»

«ታዲያ ጓሯቸው ምን ሊተክሉ ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ቀጥለው ደግሞ ጄኔራሉ ሃንስን ከመብረሩ በፊት እንትፍ እንትፍ ብለው የሚመርቁበት ገጽ ላይ ደረሱ። «እህቴ፣ የጀርመን ጄኔራል ወታደሩ ላይ አይተፋም።»

«ሳይመረቅ ነው ጦርነት የሚሄደው?»

«ሳይመረቅ።»

«ወይ ጉድ፤ ለካ ለዚህ ነው የተሸነፉት!»

የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሳቁን ያስቆመው ግን እኔው የጠየቅኩት ነገር ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ የአብራሪዎቹ ስም ተደርድሯል፤ ከብዙዎቹ ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል አለች። «እነዚህ ክርስቲያኖች ናቸው፤ መስቀል የሌላቸውስ ምንድናቸው?» አልኳቸው። መምህሩ ቅጠሉን ወደ እኔ አዞሩና «መስቀል ያለባቸው የሞቱት ናቸው» አሉኝ። ስሞቹን በጣቴ ተከተልኩ። ቡችላ ያቀፈውም መስቀል አለበት። አንድ ወር ሙሉ «ጎበዝ፣ ሃይማኖተኛ ልጅ» እያልኩ ያደነቅኩበት መስቀል ነው።

ስለዚህ ሃንስ መሞት ነበረበት። እያለቀስኩ ገደልኩት። ገጽ ሃምሳ ሰባት ላይ አውሮፕላኑ ጭስ እየጎተተ ሲወርድ፣ ሻሼ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ፣ የሙሉቀን ጆሮዎች ከቆቡ ሥር ወጥተው ይታያሉ። እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

ሙሉቀን ሲያየው በደስታ ዘለለ። «ኧረ ይመችሽ አርቲስቷ! መሞት ማለት እንዲህ ነው!» አለና በስልኩ አነሳው። እኔም ሰው ሲያደንቀኝ አእምሮዬ ስለሚሟሟ አልከለከልኩትም። እሱ ሆዬ «ቻው ቡታጅራ» የሚል ጽሑፍ ጨምሮ ለባጃጅ ነጂ ጓደኞቹ በቴሌግራም ላከው።

ወሬ ክንፍ አለው ይባላል፤ በዚያን ቀን ሞተርም ነበረው። ጠዋት ከመናኸሪያው «ሙሉቀን በሥዕል ወደቀ» ተብሎ ተነሳ፤ ገበያው ጋ ሲደርስ ሥዕሉ ተራግፎ «ወደቀ» ብቻ ቀረ፤ መስቃን ገጠር ሲደርስ ባጃጁ ገደል ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ሁለት አክስቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ «ወየው ልጄን!» እያሉ ግቢ ሲገቡ ሟቹ ደጃፍ ተቀምጦ ፓስታ ይጎርሳል። አንደኛዋ መጀመሪያ እልል አሉ፤ ቀጥለው በጃንጥላ ጀርባውን አሉት።

«ምነው አትናገርም አንተ!»

«ምን ብዬ ልናገር? አልሞትኩም እያልኩ በባጃጅ ልለፍፍ?»

ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቁት እናቱ፣ እትዬ ብርቅነሽ ናቸው።

እትዬ ብርቅነሽ ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። የሙሉቀን ታላቅ ወንድወሰን የዛሬ ሁለት ዓመት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጥቷል። ደላላው መጨረሻ የተናገረው «ተሻግሯል» የምትል አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ የደላላው ስልክ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። አለ ብሎ የነገራቸው የለም፤ የለም ብሎም የነገራቸው የለም። ልቅሶ አልተቀመጡ፣ ጥቁር አልለበሱ። እንዲሁ እንዳሉ አሉ። እኔ ይህንን ሁሉ አውቃለሁ። ፍለጋው ሲጀመር ፎቶውን ያባዛሁላቸው እኔ ነኝ። አውቄም ነው እንግዲህ የቀራቸውን አንድ ልጅ ከሰማይ የጣልኩት። ሥዕል ሲይዘኝ እንዲህ ነኝ፤ እጄ ያያል፣ ልቤ ቆይቶ ነው የሚደርሰው።

ሱቄ ሲመጡ እርግማን ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙና «እታለም፣ የኔን ልጅ ከሰማይ ምን ያወርደዋል?» አሉኝ በለሆሳስ።

«እሱ አይደለም እትዬ። ሃንስ የሚባል ጀርመን ነው።»

«ጀርመኑ የኔን ልጅ ጆሮ ከየት አመጣው?»

ደብተሬን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ሟርት ነው። በሰው ልጅ አይሟረትም። አንሽው።»

በዚህ ጊዜ ያንን ያህል የተዋጣልኝን ገጽ ላጣው ነው ብዬ ነው መሰለኝ፣ አንድ ነገር ከአፌ ወጣ። «እትዬ፣ ታሪክ እኮ ነው። የሞተ ሰው ሞቷል፤ ምን ይደረጋል?» አልኳቸው። ለሳቸው! ከሰው ሁሉ መርጬ ለሳቸው! ምላሴን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ነክሶ ቢይዘው ይሻለኝ ነበር። አዩኝና ሄዱ።

ጥፋቴን በጥበብ ላርም አልኩ። ለሃንስ ጢም ሠራሁለት፤ ያየው ሁሉ «ሙሉቀን ጢም አወጣ?» አለ። ጆሮውን በቆቡ ሸፈንኩት፤ «ሙሉቀን በርዶታል እንዴ?» አሉኝ። ታሪኩን ላገላብጠው፣ ካርል ይሙት ብዬ ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ።

«ኧረ ባክሽ! የሞተ ሰው ዘንድ ማን ጸጉሩን ይቆረጣል? ደንበኛ ልታሸሺብኝ ነው?»

ባሌን ለመንኩት። «ለአንድ ገጽ ብቻ ሙትልኝ።»

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ «እኔን ለመግደል ጀርመን ድረስ ምን አስኬደሽ?» አለኝ።

ያ ሁሉ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ የሚርመሰመስ ሕዝብ፣ አንድም ሞት የሚያበድር ፊት አጣሁበት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ብርቅነሽ ሽማግሌ ላኩብኝ።

ሽማግሌዎቹ ሐጂ ኑረዲንና አቶ ዘበርጋ ናቸው። እሑድ ከሰዓት ሱቄን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥን፤ ሐጂ የወረቀት ካርቶን ላይ፣ አቶ ዘበርጋ በርጩማዬ ላይ፣ እትዬ ብርቅነሽ በሩ ጥግ። ሙሉቀን «የራሴ ሞት ላይ እንዴት እኔ አልጠራም?» እያለ ውጭ ባጃጁ ላይ ቀረ። ከጎረቤት ሻይ አስመጣሁ። ገጽ ሃምሳ ሰባት መሐላችን መሬት ላይ እንደ ሬሳ ተዘርግቷል።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢስሚላህ። መጀመሪያ ሟቹን እንወቀው። የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም ሐጂ። የአባቱን ስም መጽሐፉ አልጻፈውም።»

«የአባቱን ስም ሳታውቂ ነው የገደልሽው?»

አንገቴን ደፋሁ።

«አግብቷል?»

«አላገባም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«አላህ ይዘንለት። ለመሆኑ ምን አጣልቷቸው ነው?»

ይህንን እኔም ብዙ ቀን አንብቤ አልገባኝም ነበር። የገባኝን ተናገርኩ። «ነገሥታቱ የአጎትና የአክስት ልጆች ነበሩ ሐጂ። ተጣሉ።»

«ዘመዳሞች?» ሐጂ ወደ አቶ ዘበርጋ ዞሩ። «ሰማህ? የአጎት ልጆች! ሽማግሌ አልነበራቸውም?»

«አልነበራቸውም መሰለኝ።»

«በሉ እንግዲህ» አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ፤ የዓለም ጦርነት መንስኤ ለሳቸው እዚያው ተዘጋ።

አቶ ዘበርጋ በበኩላቸው ሬሳውን መመርመር ያዙ። በዱላቸው ጫፍ ጭሱን ነክተው «ሞተሩ ቢቃጠል እውነት ነው፣ አይተርፍም፤ ነገሩ ጨርቅ ነው። ሞተሩ ጠፋ ብንል ግን ክንፍ አለው፤ ቀስ እያለ ይንሸራተታል» አሉ። አሰቡ፣ አሰቡ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ። «ደመና ውስጥ ይግባ!»

«እንዴት?» አሉ ሐጂ።

«ደመናው ውስጥ ገባ። አለቀ። ወጣ አይባል፣ ወደቀ አይባል። እርሷም ገደልኩ አትል፣ እህታችንም ልጄ ሞተ አይሉ። ታሪኩም አልተዋሸ፤ ስንቱ እንዲያ ሆኖ ጠፍቷል።»

«ማሻ አላህ!» አሉ ሐጂ። እኔም ደስ አለኝ፤ የአረቅጡ ጉም ፊቴ ድቅን አለ። ሙሉቀን ከውጭ «ደመናው ይመቸኛል!» ብሎ ጮኸ። ሐጂ ሊመርቁን እጃቸውን ዘረጉ። እርቁ ወርዶ ነበር፤ አሜን ብቻ ነበር የቀረው።

«እናትየውስ?» አሉ እትዬ ብርቅነሽ።



«የትኛዋ እናት?» አሉ ሐጂ፣ እጃቸው አየር ላይ እንደተዘረጋ።

«የጀርመኑ። ደመና ውስጥ ስትከቱት ለሷ ምን ትሏታላችሁ?»

ሐጂ አቶ ዘበርጋን አዩ።

«እኔ አይሙት አልኩ እንጂ ይጥፋ አላልኩም። ይሄንንስ አታድርጉባት። ሞቷል ካላችኋት ታለቅሳለች፤ ሰው ይመጣላታል፣ ይቀመጥላታል። ጠፍቷል ካላችኋት ማን ይመጣል? ምን ብሎስ ይገባል? ‹እግዜር ያጥናሽ› አይላት፣ ‹እንኳን ደስ ያለሽ› አይላት። ደጃፏ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያልፈው።» ድምፃቸው ከፍም አላለ። «እኔ ደጃፍ ስታልፉ ምን እንደምትመስሉ እኮ አያችኋለሁ።»

ሐጂ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። አቶ ዘበርጋ ዱላቸውን ያዩ ጀመር። እኔ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ስለ ሽቦና ስለ ብሎን፣ ስለ እንሰትና ስለ ደመና ስጠይቅ፣ የጀርመኑን እናት አንዴ ጓሮዋን ብቻ አይቼ ያለፍኩት ሴትዮ፣ መሬት ብትሰነጠቅ ገጽ ሃምሳ ሰባትን ይዤ እገባ ነበር።

ያኔ ነው መምህሩ ከወልቂጤ ተርጉመው የላኩልኝ አንድ ወረቀት ትዝ ያለኝ። «እትዬ፣ አንድ ልማድ ነበራቸው» አልኩ። «አንዱ የሌላውን አብራሪ መትቶ ሲጥለው፣ አንዳንዴ በማግስቱ ወይ ከዚያ በኋላ ወደ ጠላት ሰፈር ይበርና ደብዳቤ ይጥልላቸዋል። ልጃችሁ ሞቷል፣ በክብር ቀብረነዋል፤ ወይም ደግሞ ተርፏል፣ እኛ ዘንድ ተይዟል ብሎ።»

እትዬ ብርቅነሽ ቀና አሉ። «ማነው የሚጥለው? የገዛ ወገኑ?»

«ጠላቱ።»

«እዚያው የሚተኩሱበት ሰዎች ሰፈር ድረስ መጥቶ?»

«ዝቅ ብሎ ነው የሚጥለው።»

«ሊመቱት ይችላሉ።»

«አዎ፣ ይችላሉ።»

 ሻዩ ቀዘቀዘ። «ጠላት እንኳን» አሉ በመጨረሻ፣ ለኛ ሳይሆን ለራሳቸው። «ይሄ የኛው ደላላ ስልኩን አያነሳም።»



እትዬ ብርቅነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ፍርዱን የሰጡት እርሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ አሜን ብቻ ነው ያሉት። «ይውደቅ። የኔኑ ልጅ ፊት ይዞ ይውደቅ፣ እግሩም ይሰበር፣ ይታሰርም። ግን ወሬው ይድረሳት። ወሬው ካልደረሳት መጽሐፉ አይለቅ።»

ከዚያ በኋላማ ሱቄ ሱቅ መሆኑ ቀረ። እትዬ ብርቅነሽ ከገበያ መልስ እየመጡ የሃንስን እናት ሆነው ይቀመጡልኝ ጀመር። ዝም የሚሉት ሴት አራሚ ሆኑብኝ። እናትየውን ፀጉሯን ስትነጭ ሥያት ነበር፤ «እንዲህ አይደለም፤ የምትጠብቅ ሰው አታለቅስም፣ ታጥባለች» አሉኝ።

«ምን ታጥባለች?»

«ብርድ ልብሱን።»

«ማንም ያልተኛበትን?»

«እሱን ነው እንጂ።»

አጠብናት። መምህሩ ኋላ ሲያዩት ጀርመኖች እንዲህ አያጥቡም አላሉም። 

በከተማው ግን ሌላ ጣጣ ተነሳ። ደብዳቤውን የሚጥል እንግሊዝ ያስፈልጋል መባሉ ሲሰማ፣ ለመሞት ጠፍቶ የነበረው ፊት ሁሉ ሱቄን አጨናነቀው። ጸጉር አስተካካዩ ራሱን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ትራፊኩ «አፍንጫዬ አልበዛም» እያለ ሁለቴ አለፈ። ሐጂ ኑረዲን እንኳን «ለመሆኑ እንግሊዝ ውስጥ ጢም ያለው ሰው የለም?» አሉኝ፣ ለሰው እንደሚጠይቁ ሆነው። ባሌ ደግሞ ለሁለት ቀን የክት ኮቱን ለብሶ ነው የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሲሰፋ የዋለው። መሞት የሰለቸው አገር አይደለን፣ ሁሉም የምሥራች ነጋሪ መሆን አማረው።

ማንን መርጬ ማንን እንደማስቀይም ጨንቆኝ ሳለ፣ አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ብርቅነሽ ከጡታቸው ሥር የተቋጠረች መሐረብ አውጥተው ፈቱ። አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት። ወንድወሰን። ለፓስፖርት የተነሳት።

«የእሱን ፊት ስጪው» አሉኝ። «እሱ ይጣልላት።»

ሙሉቀን አብሯቸው ነበር። «ማዘር፣ ወንድሜ እንግሊዝ ሆኖ እኔን መትቶ ሊጥለኝ ነው?»

«ዝም በል። መጣልህን አይደል የሚናገርልህ?»

እርሳሴን ቀርጬ ጀመርኩ። ግን የፓስፖርት ፎቶ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ባልሠራው ወንጀል የተያዘ ነው የሚመስለው። ሥዬ ሳሳያቸው እትዬ ብርቅነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሰው መርዶ ይዞ የመጣ ነው የሚመስለው። እናትየው ገና ከሩቅ ስታየው ልቧ ይቆማል። ጥርሱን አሳዪው።»

«ሲስቅ አላየሁትም እኮ እትዬ።»

ሙሉቀን በርጩማዬን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ጥርሳችን አንድ ነው» አለ። እናም ሳቀልኝ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ሊቀልድ ነበር፤ ኋላ ቀልዱ ከፊቱ ሄደና ሳቁ ብቻ ቀረ። ያንን ሳቅ ይዞ ሥዬ እስክጨርስ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ሞልቶ ሳለ እንኳን ከንፈሩን አልሰበሰበም።

ገጽ ስልሳ አራት እሱ ነው። የአቶ ዘበርጋ ብሎኖች ሁሉ በየቦታቸው አሉ። አውሮፕላኑ ከደመናው ወጥቶ ዝቅ ብሏል፤ ከታች መሣሪያ የደገኑ ወታደሮች አሉ፤ ከነሱ ራቅ ብሎ የሃንስ እናት ቤት አለ። እንግሊዙ አንድ እጁን ከመሪው አላቆ፣ በወንድሙ ጥርስ እየሳቀ፣ ደብዳቤውን ወደ ውጭ ዘርግቶ ይዟል። ቀለሙ ሳይደርቅ እትዬ ብርቅነሽን ጠራኋቸው።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ወጡ። ፊቱን አዩ። ጥርሱን አዩ። እጁ ጋ ሲደርሱ ቆዩ፤ ጣታቸውን ሳያስነኩ ደብዳቤዋ አጠገብ አቆሙት።

«ምነው ይዞ ቆየ?» አሉኝ። «ልቀቀው በይው እንጂ።»